ቨርና የፈረመችባቸው ሰዓታት

ቨርና ስቲድሃምን ለመውቀስ የሚቸኩል ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ጥፋት የለባትም እያልኩ አይደለም፤ አለባት፤ ራሷም አፏን ሞልታ ተናግራዋለች። የሚያናድደኝ ወቃሾቹ ከእሷ ሌላ ማን ነበር ብለው አለመጠየቃቸው ነው። ቢጠይቁ ኖሮ አንዷ እኔ ነበርኩ። ናዲን እባላለሁ፤ በዚያ የአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብስያለሁ።

ቨርና ሥራውን የጀመረችው ባሏ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ ወገቡ ከተሰበረ በኋላ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት አስታማሚ ሆና ሠራች። ትከሻዋ ሰፊ፣ ምላሷ ስለት ነበር። ሽማግሌዎቹን እያጠበች ታሾፍባቸዋለች፤ «አባባ፣ ዛሬም አልላጭም ካሉ አዳኞች ድብ ነው ብለው ይተኩሱብዎታል» ትላለች፤ እነሱም ጥርስ በሌለው አፋቸው ይስቃሉ። ቅዳሜ ከሰዓት በእረፍት ቀኗ መጥታ የአሮጊቶቹን ጥፍር ትቀባ ነበር። ማንም አላዘዛትም።

መጦሪያው የአንድ የአገራችን ሐኪም ነበር። እሱ ሲሞት ልጆቹ ለሩቅ ከተማ ኩባንያ ሸጡት። ኩባንያው መጀመሪያ መጋረጃውን ቀየረ፤ ቀጥሎ አስታማሚዎቹን ቀነሰ። አራት የነበሩበት ኮሪደር ለአንድ ሰው ቀረ። ሃያ ሁለት አረጋዊ፣ አንዲት ቨርና።

ዴልመር ታኬት የመጡት በዚያው መኸር ነው። አርባ ዓመት ከሰል የቆፈሩ ሰው ናቸው፤ ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏል፤ ንግግራቸውም ተይዟል። በገቡ በሳምንቱ ስብሰባ ተቀምጦ የእንክብካቤ ዕቅድ ወጣላቸው። ልጃቸው ሮዌና፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምትነዳው፣ ከነዩኒፎርሟ መጥታ ፈረመች። ዕቅዱ በየሁለት ሰዓቱ በሁለት ሰው ጎናቸው ይቀየር ይላል፤ ተረከዛቸው ፍራሹን እንዳይነካ ከሥር ትራስ ይግባ ይላል፤ ምግብ ሳይጣደፉ በእጅ ይጉረሱ ይላል። ያማረ ዕቅድ ነበር። ከበሩ ኋላ ተሰቀለ።

ከዕቅዱ ጎን ሌላ ወረቀት አለ። በየሁለት ሰዓቱ አንድ ሳጥን፤ ጎን የቀየረችው አስታማሚ የስሟን መጀመሪያ ፊደል ትጽፍበታለች። እዚህ ላይ ነው የኛ ቤት ልማድ የሚመጣው። አስታማሚዎቹ ጠዋት አንድ ሰዓት ፈረቃ ሲገቡ ቆመው የቀኑን ሳጥኖች በሙሉ ይሞሉና ከዚያ ወደ ሥራ ይሮጣሉ። አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያ ቀኗ የምትማረው ይህንን ነው። አስተማሪዋም ቨርና ነበረች፤ «ወረቀቱን አሁን ጨርሺው የኔ ልጅ፤ በኋላ እጅሽን ለሰው ትፈልጊዋለሽ» ትላለች። ስትጽፈው ልታደርገው አስባ ነው፤ ይህን እመሰክርላታለሁ። ግን አንዱ ይወድቃል፣ አንዷ ትታመማለች፣ ሦስቱ ባንድ ጊዜ ደወል ይደውላሉ፤ ሰዓቱም ያልፋል።

የእኔንም ልናገር። ሰሃኑ ወደ ወጥ ቤት ሲመለስ ምን ያህል እንደተበላ የምጽፈው እኔ ነኝ። የዴልመር ሰሃን እንደሄደ ይመለሳል፤ ባቄላውም የበቆሎ ዳቦውም አልተነካም፤ የሚያጎርሳቸው የለማ! አለቃዬ «ከግማሽ በታች ከጻፍሽ ሐኪም መጥራት፣ ቤተሰብ መጥራት ይመጣል፤ ሦስት አራተኛ በይው» አለችኝ። አልኩት። አሥራ ሰባት ቀን በተከታታይ፣ ሞልቶ የተመለሰ ሰሃን እያየሁ ሦስት አራተኛ በልተዋል ብዬ ጻፍኩ።

ሳይገላበጡ ከመተኛት የሚመጣው ቁስል መቀመጫቸው ላይ ወጣ። ቨርና እንዳየችው ለነርሷ ነገረች፤ ነርሷ ቅባት አዘዘች። ቁስሉ ሲሰፋ ቨርና ሥራ አስኪያጁ ብሬንት ኮሊየር ቢሮ ገባች። እኔ በሩ ላይ የሻይ ጋሪ ይዤ ነበር።

«ሰውዬው እየበሰበሱ ነው» አለችው። «ሰው ጨምርልኝ።»

«ማስታወቂያ አውጥተናል።»

«ማስታወቂያው ጎናቸውን አይቀይርልኝም!»

«ቨርና፣ ወረቀቱ እኮ በየሁለት ሰዓቱ ተቀይረዋል ነው የሚለው። ያንቺው ፊርማ ነው። የቱን ልመን?»

ቀይ ሆና ወጣች። ይኸውላችሁ፣ ያን ጊዜ ነው መጮህ የነበረብን። እሷ ወደ ኮሪደሯ ተመለሰች፣ እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ጋሪዬን ገፋሁ።

በየካቲት አንድ ማክሰኞ ዴልመር በትኩሳት ነደዱ። አምቡላንስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወሰዳቸው። በስድስተኛው ቀን ሆስፒታል ውስጥ አረፉ። ቁስሉ አጥንት ደርሶ እንደነበር ለሮዌና የነገራት የሆስፒታሉ ሐኪም ነው።

ሮዌና አልጮኸችም። የአባቷን ወረቀቶች በሙሉ በሕግ ጠይቃ አወጣች፤ ጠበቃ ያዘች፤ የክፍለ ግዛቱ መርማሪዎችም መጡ። ቨርና ቃሏን ከመስጠቷ በፊት የኩባንያው ጠበቃ ከነሱፍ ልብሱ መጥቶ አስቀመጣት።

«ወይዘሮ ስቲድሃም፣ የሚጠበቅብዎት ቀላል ነው። የተጻፈውን ሠርቻለሁ ይበሉ። ስለ ማክሰኞው ከጠየቁዎት የቀን ስህተት ነው ይበሉ። እርስዎ ከወረቀቱ ካልወጡ እኛም ከጎንዎ አንወጣም።»

ቃሏን ወደምትሰጥበት ቢሮ በመኪናዬ ያደረስኳት እኔ ነኝ። ሥራዋን ብታጣ የአልጋ ቁራኛ ባሏን የሚያኖረው የለም፤ እውነቱን ብትናገር ደግሞ በራሷ አፍ ሰው ገደልኩ ማለቷ ነው። እኔ በር ላይ ጠበቅኳት። ውስጥ የተባለውን የማውቀው ከእሷም፣ ከጠረጴዛው ማዶ ከነበረችው ከሮዌናም ሰምቼ ነው።

የሮዌና ጠበቃ ወረቀቱን ገፋ አድርጎ ሰጣት።

«ፊርማው የእርስዎ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ሦስት ሰዓት ላይ በግራ ጎናቸው አስተኝቻቸዋለሁ ይላል። አምስት ሰዓት በቀኝ። ሰባት ሰዓት እንደገና በግራ። ልክ ነኝ?»

«እንደዚያ ይላል።»

«በዚያ ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ አቶ ታኬት የት ነበሩ?»

የኩባንያው ጠበቃ ጉሮሮውን ጠረገ። ቨርና ግን የምታየው ሮዌናን ነበር።

«ሆስፒታል» አለች። «አልጋው ባዶ ነበር። በባዶ አልጋ ላይ ነው ሰው ያገላበጥኩት።»

«የቀን ስህተት ይሆን?» አላት የሮዌና ጠበቃ።

«የምን የቀን ስህተት! ሁሌም አንድ ሰዓት ላይ ነው ሁሉንም የምሞላው። ያን ቀን ብቻ አይደለም።»

«ታዲያ በእውነት በቀን ስንት ጊዜ ያገላብጧቸው ነበር?»

«አንዴ። ሲቀናኝ ሁለቴ። ጨርሶ ያላገላበጥኳቸው ቀንም አለ።» ከዚያ ወደ ሮዌና ዞር ብላ፣ «ይቅርታ አልጠይቅሽም ልጄ፤ የማይገባኝን አልለምንም። ብቻ ልታውቂው ይገባል» አለቻት።

ኩባንያው ወዲያው ልስማማ አለ። የስምምነቱን ወረቀት በምስጢር አሽጎ፣ መቀጮውን ከፍሎ፣ የበሩን ሰሌዳ በአዲስ ስም ቀየረ። ኮሊየር ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ተዛወረ፤ በእድገት ነው አሉ። ክፍለ ግዛቱ አረጋዊ የበደሉ አስታማሚዎችን ስም የሚጽፍበት መዝገብ አለው፤ እዚያ የገባ ሰው ዕድሜ ልኩን መጦሪያ ቤት አይቀጠርም። በዚያ ሁሉ ነገር መዝገብ ላይ የገባው ስም አንድ ነው፤ ቨርና ስቲድሃም። ስለ ሰሃኖቹ እኔን የጠየቀኝ የለም። እኔም አልተናገርኩም፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ ጡረታዬ እስኪደርስ አበሰልኩ።

በሁለተኛው ዓመት በበጋው፣ ከቨርና ጋር በረንዳዋ ላይ ተቀምጠን ፎሶሊያ ስንቀነጥብ ሮዌና መጣች። ቨርና ብድግ አለች፤ ፎሶሊያው ከጭኗ ላይ ተበተነ።

«እማማ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ» አለች ሮዌና ሳትቀመጥ። «አትነሳም አሉኝ። እዚያ ቤት አላስገባትም። አውቶቡሱን ስነዳ የሚቀመጥላት ሰው እፈልጋለሁ።»

«ታዲያ እኔ ጋ ምን አመጣሽ?» አለች ቨርና። «ስሜ የት እንዳለ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ። ያስገባሁሽ እኔ አይደለሁ እንዴ!»

«አባትሽን የገደልኩት እኔ ነኝ፣ ሮዌና።»

«ከገደሉት አንዷ ነሽ። እስካሁን አልወደድኩሽም፤ አልዋሽሽም። ግን በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ሁሉም ሲዋሸኝ እውነቱን የነገርሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። እናቴን ለማላምነው ሰው ልስጥ?»

እኔ አንገቴን ደፍቼ ፎሶሊያውን ከመሬት ለቀምኩ።

ቨርና የሮዌናን እናት፣ እማማ ኦፓልን፣ አሥራ አራት ወር አስታመመች። አሮጊቷ በመጋቢት አረፉ። ገላቸውን ያጠቡት የአስከሬን ቤቱ ሰውዬ፣ ያን ያህል ጊዜ ተኝቶ ገላው እንደዚህ ሳይቆስል የቀረ ሰው አላየሁም ብለው ለሮዌና ነገሯት።

ከቀብሩ በኋላ ሮዌና አንድ የተማሪ ደብተር አወጣችልኝ። የቨርና እጅ ጽሕፈት ነው፤ ቀንና ሰዓት፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ስንት ማንኪያ እንደጎረሱ። ሰዓቱ እንደ ድሮው ድፍን አይደለም፤ ሦስት ከአምስት ደቂቃ፣ አምስት ከዘጠኝ ደቂቃ። ሮዌና አንዱን ገጽ በጣቷ ይዛ «ይቺን አንብቢ» አለችኝ።

«ሰባት ሰዓት፦ አላገላበጥኳትም። ወንበር ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ሰባት ከአርባ አገላበጥኳት። ቀኝ ዳሌዋ ላይ ቀላ ብሏል። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሁለቴ አነበብኩት። ከዚያ ደብተሩን መለስኩላትና፣ «ሮዌና፣ ስለ አባትሽ ሰሃን የምነግርሽ ነገር አለኝ» አልኳት።