ጠመኔ አዮኒክ ነው ያልኩበት ቀን

በእኛ ትምህርት ቤት ሱፐርቫይዘር ሊመጣ ነው ሲባል መጀመሪያ የሚጸዳው ሽንት ቤቱ ነው፤ ቀጥሎ ተማሪው። እኔ ሀዋሳ ውስጥ የዘጠነኛ ክፍል ኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። ያን ሰሞን ለደረጃ እድገቴ የቀረኝ አንድ የክፍል ምልከታ ብቻ ስለነበር ተማሪዎቼን ሦስት ቀን ሙሉ አለማመድኳቸው። ርእሱ ቦንድ፣ ማለትም የአተሞች ትስስር ነበር፤ ጨው አዮኒክ፣ ስኳር ኮቫለንት፣ የመዳብ ሽቦ ሜታሊክ። ደንባችንም የታወቀ ነው፤ የሚያውቅ ቀኝ እጁን፣ የማያውቅ ግራ እጁን ያወጣል። እንግዳው ሁሉም እጅ ሲወጣ አይቶ ይደነቃል፣ እኔ ቀኝ ቀኙን እየመረጥኩ እጠይቃለሁ።

ከቱላ በባጃጅ የምትመላለስ አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። "ለምን?" ማለት ትወዳለች። እንዲህ ያለች ልጅ በምልከታ ቀን አደጋ ናት፤ ስለዚህ መጨረሻ ወንበር ላይ፣ ከረጃጅሞቹ ጀርባ ደበቅኳት።

በቀኑ ጨውና ስኳሩን በየብርጭቆው አሟሙቼ ባትሪና አምፖል አገናኘሁ። አምፖሉ በጨው በራ፣ በስኳር እምቢ አለ። ርእሰ መምህሩ በኩራት ፈገግ አለ። ሱፐርቫይዘሩ ግን ተነስቶ ከሰሌዳው ስር ጠመኔ አነሳና፣ "የዚህስ ቦንድ ምን ዓይነት ነው?" አለ። ጠመኔ ልምምዳችን ውስጥ አልነበረም። ክፍሉ በሙሉ ግራ እጁን አወጣ። "ጎበዞች!" አለ ሰውየው። ከኋላ ግን አንድ ቀኝ እጅ ወጥቷል። እኔ እንዳላየሁ ሆንኩ፣ እሱ ግን ራሱ ጠራት።

"ሁለቱም አለው" አለች ልጅቷ ብድግ ብላ። "በመጽሐፋችን ጠመኔ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ካልሲየሙና ካርቦኔቱ የተያያዙት በአዮኒክ ነው። ካርቦኔቱ ውስጥ ያሉት ካርቦንና ኦክስጅን ግን በኮቫለንት።"

ሱፐርቫይዘሩ ወደ እኔ ዞረ። እሱም እንደማያውቅ ከፊቱ አነበብኩ። ቆፍጠን ብዬ፣ "አንድ ውህድ ያለው አንድ ቦንድ ነው። ጠመኔ አዮኒክ ነው፣ ተቀመጪ" አልኳት።

"እሺ ቲቸር" አለች።

ሰውየው ቅጹ ላይ "የተማሪን ስህተት ወዲያውኑ ያርማል" ብሎ ጻፈልኝ።

በእረፍት ሰዓት ስልኬን ከፍቼ አረጋገጥኩ። ልጅቷ ልክ ነበረች። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ የተማርኩት ነገር እኮ ነው! በጣም አፈርኩ። ነገ ክፍል ገብቼ አስተካክላለሁ አልኩ። ነገ ሲመጣ፣ የእድገት ደብዳቤዬ ይድረስና አልኩ። ደብዳቤው ደረሰ፣ ባልደረቦቼን ሐይቁ ዳር ዓሳ ጋበዝኩ፣ ስለ ጠመኔ ግን ትንፍሽ አላልኩም።

በማጠቃለያ ፈተናው ላይ ጠመኔን አስገባሁ። ለእሷ ብዬ ነው። የዚያን ቀን መልሷን ብትጽፍ ሙሉ ነጥብ ሰጥቼ፣ አፍ አውጥቼ ይቅርታ ሳልጠይቅ ልገላገል አስቤ። ከሁሉም በፊት የእሷን ወረቀት ፈልጌ አወጣሁ። በዚያ ጥርት ባለ ጽሕፈቷ፣ "አዮኒክ። አንድ ውህድ ያለው አንድ ቦንድ ነው" ብላለች።

ምን ላድርግ፣ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ራይት አደረግኩላት።