በፍልሰታ የሰበርኋት እንቁላል

ከቡሬ እስከ ማንኩሳ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ የእኔን ማጋነን የማያውቅ ሰው የለም። አንዲት ዶሮ የጣለችው እንቁላል ሁለት አህያ እየተፈራረቁ ተሸክመውት ፍኖተ ሰላም ገበያ ደረሰ ብዬ በሰው ፊት የማልሁ ሰው ነኝ። ሥራዬ እንዲህ አድርጎኝ ይሆናል። በየገጠሩ እየዞርሁ እናቶችን እሰበስብና ለልጅ ምግብ የሚሆን ዱቄት እንዴት እንደሚደባለቅ አሳያለሁ፤ ሰው ካልሳቀ ደግሞ አይሰማም። ትምህርቱ ሲያልቅ ሁልጊዜ የምላት አንዲት ነገር አለች፦ «እንቁላል ጨምሩበት!» ገንፎውም ላይ፣ ሾርባውም ላይ፤ ቢፈቀድልኝ ጠላውም ላይ እል ነበር። ይህን የምጽፈው ግን ለማሳቅ አይደለም።

ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ እናቴ ሞተች። አርባዋ እንደ ወጣ አባቴን ከቋሪት፣ ከገበዝ ማርያም ማዶ ካለው ቤታቸው፣ ወደ እኔ አመጣኋቸው። አልሄድም ብለው ነበር። በስንት ልመና መጡ፤ እህል ግን አልቀምስ አሉ። ባለቤቴ ያላቀረበችላቸው ነገር የለም። አንድ ጉርሻ ያነሡና «ተመስገን፣ ጠገብሁ» ይላሉ። ጋቢያቸው በየቀኑ እየሰፋባቸው ሄደ። ሐኪሙ ግፊታቸውን ለክቶ መድኃኒት ከጻፈ በኋላ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ይሄ በባዶ ሆድ አይወሰድም። ካልበሉ እኔ የምሠራው ነገር የለም» አለኝ።

«ነፋስ እንዳይወስዳቸው ኪሳቸው ውስጥ ድንጋይ እንጨምርላቸዋለን» አልሁት።

አልሳቀም። እኔም አልሳቅሁም።

በእኛ ቤት የቅዳሜና የእሁድ ቁርስ የእኔ ነው። ፓንኬክ እሠራለሁ። ሻይ ቤት እንደሚሸጠው ነጭ ዱቄትና ስኳር ብቻ አይደለም። ያልተነፋ የስንዴ ዱቄትና የአጃ ዱቄት እኩል፣ ተቆልቶ የተፈጨ ተልባ አንድ እፍኝ፣ በሹካ የደቀቀ የበሰለ ሙዝ፣ ወተት፣ ሁለት እንቁላል። ስኳር አላስጠጋም፤ ከላይ ትንሽ ማር ይበቃዋል። አባቴ በመጡ በመጀመሪያው ቅዳሜ የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ሳህኑን ይዛ ፊታቸው ቆመች።

«አባባ፣ ይቅመሱ። አባዬ የሚችለው ነገር ይሄን ብቻ ነው።»

«ምን ይሉታል?»

«ፓንኬክ።»

«ቂጣ ነው በይኝ። ምን ገባበት?»

እሷም እንደ ትምህርት ቤት ግጥም አንድ በአንድ ዘረዘረችላቸው። አባቴ ጠርዙን ቆረስ አድርገው አፋቸው ውስጥ አስገቡ። ቆዩ። ደገሙ። አንዱን ጨርሰው ሁለተኛውን እስከ ግማሽ ሲደርሱ ባለቤቴ ከጓዳው በር ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ ወዲያ ከረቡዕና ከዓርብ በቀር በየጠዋቱ፣ ቢሮ ከመግባቴ በፊት፣ መጥበሻ ላይ ነበርሁ። አባቴም አንድ፣ አንድ ተኩል እየበሉ መድኃኒታቸውን መዋጥ ጀመሩ።

ከዚያ ፍልሰታ ገባ።

ባለቤቴ በጾም የማትቀልድ ሴት ናት። የፍስኩን መጥበሻ አጥባ ከላይኛው መደርደሪያ ሰቀለችው፤ የጾሙን አወረደች። ዶሮዎቻችን ጾም ስለማያውቁ መጣላቸውን ቀጠሉ፤ እንቁላሉን ለበዓሉ ብላ በጭድ በተሞላ ቅርጫት ታጠራቅመዋለች። የንስሐ አባታችንም አባቴን ለመጠየቅ መጡና ሁኔታቸውን አይተው፣ «መድኃኒት ስላለብዎት ቅዳሴ እስኪወጣ አይጠብቁ፤ ጠዋት ይቅመሱ። ሰውነትዎም ደክሟል፤ እንቁላሉንና ወተቱን ልፈቅድልዎ እችላለሁ» አሏቸው።

አባቴ አንገታቸውን ደፉ። «አባ፣ ሰዓቱን ወሰዱብኝ፤ እሺ ብያለሁ። ጾሙን ግን ይተዉልኝ።»

እዚያው ተቀምጬ ነበር። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ባለማወቅ አደረግሁት ማለት የማልችለውም ለዚህ ነው።

ያለ እንቁላልና ያለ ወተት፣ በውኃና በዘይት ፓንኬክ ልሠራ ሞከርሁ። በመጀመሪያው ቀን መጥበሻው ላይ ተበታተነ። በሁለተኛው ቀን ከስሩ አርሮ መሐሉ ጥሬ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ቅርጹን ያዘ፤ ግን ከፍኖተ ሰላም አስፋልት ላይ ቢነጠፍ ሃያ ዓመት ከባድ መኪና የሚችል ነገር ነበር። አባቴ አንዱን ቁራጭ ከጉንጭ ጉንጭ ሲያመላልሱት ቆዩና በእጃቸው አውጥተው በቀስታ ሳህኑ ዳር አስቀመጡት። መድኃኒቱን በውኃ ብቻ ዋጡ። ከሰዓት በኋላ ወደ ሽንት ቤት ሲሄዱ ግቢው መሐል ተንበረከኩ። ሮጬ ስደርስ «ጭቃው ነው፤ አዳለጠኝ» አሉኝ። የወደቁበት ግን የድንጋይ ንጣፍ ነበር።

በአራተኛው ጠዋት ባለቤቴ ኪዳን ልታደርስ እንደ ወጣች ከቅርጫቱ አንዲት እንቁላል አነሣሁ። ሊጡ ላይ ሰብሬ መታኋት፤ ዛጎሏን ጓሮ ቀበርሁት።  ግቢው መሐል መንበርከካቸውን ብቻ ነበር የማስበው።

«ዛሬስ ሰመረልህ» አሉኝ እያላመጡ። «የጾም ነው?»

«የጾም ነው አባዬ። እጄ ለምዶ ነው።»

በሕይወቴ ካወራኋቸው ውሸቶች ሁሉ አጭሯ እሷ ናት።

ዘጠኝ ጠዋት፣ ዘጠኝ እንቁላል። ባለቤቴ ቅርጫቱን እያየች «ሽለምጥማጥ ገብቶብናል» አለች፤ እኔም አጥሩን ሳጠብቅ ዋልሁ። አባቴ ግን ቀና አሉ። እስከ በሩ፣ ከዚያ እስከ መንገዱ፣ ከዚያ ጠጅ ሣር የሚሸጡት ሴቶች እስከሚቀመጡበት ድረስ መሄድ ጀመሩ። እኔም ማታ ማታ ለራሴ፣ እግዚአብሔር ከአንዲት እንቁላል የአንድ ሽማግሌ ነፍስ ይበልጥበታል እያልሁ እቀልዳለሁ። ለራስ የሚነገር ቀልድ የሚስቅለት የለውም።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ወደ ማታ ላይ አባቴ ጠሩኝ።

«ለበዓሉ እቀበላለሁ» አሉ። «ሥጋ ወደሙን።»

አባቴና እናቴ ቆራቢዎች ነበሩ፤ ሁልጊዜ አብረው ነበር የሚቀርቡት። እሷ ከሞተች ወዲህ አባቴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እግራቸውን አላስገቡም፤ ከደጀ ሰላሙ ቆመው ይመለሱ ነበር። «ብቻዬን ምን ፊት ይዤ እቀርባለሁ ብዬ ነበር» አሉኝ። «አሁን አቅም አገኘሁ። ጾሙንም እንደ ምንም ይዤ ጨረስሁ። ሳልቀበል እንዳልሞት ነው የምፈራው፤ እሷ ጋ በምን እገናኛለሁ?»

ጾሙን ይዤ ጨረስሁ አሉ እኮ!

በማግስቱም በሌላውም ቀን እንቁላል አልነካሁም። ፓንኬኩ ተበታተነ። «ደግሞ እጅህ ጠፋ?» አሉኝና በደስታቸው ብዛት ፍርፋሪውን ለቅመው በሉ። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ባለቤቴ አታውቅም፣ ልጄ አታውቅም፣ ሽለምጥማጡም አይከሰኝም። የማላውቀው ሥጋ ወደሙን በዚያ ሆድ ላይ ሲቀበሉ ቆሜ እንዴት እንደማይ ነበር።

በዋዜማው፣ ከቀትር በኋላ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል አጠገባቸው ቁጭ አልሁ።

«አባዬ፣ ጾሙን አስፈትቼዎታለሁ።»

«እንዴት?»

«ፓንኬኩ ውስጥ እንቁላል ነበረበት። ዘጠኝ ቀን።»

ትኩር ብለው አዩኝ። ከዚያ ትከሻቸው መነቅነቅ ጀመረ። መጀመሪያ ሳል መስሎኝ ነበር። አባቴ እየሳቁ ነበር። እናቴ ከተቀበረች ወዲህ ስቀው አያውቁም፤ አሁን እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«ሂድ ወዲያ! በአህያ የመጣችዋን እንቁላል ነው የጨመርህብኝ?»

«እውነቴን ነው።»

«አንተ መቼም በእኔ ሬሣ ላይም ሳትቀልድ አትቀር» አሉና ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

እዚያ ላይ ልተወው ነበር። ነግሬአለሁ፤ አላመኑኝም፤ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ? ደግሞ ያ ሳቅ! ስንት ወር የጠበቅሁት ሳቅ ነው። ተነሥቼ እስከ በሩ ሄድሁ። ከበሩ ተመልሼ በርጩማ ይዤ ክንዳቸውን ደገፍሁና ወደ ጓዳ ወሰድኋቸው። አባቴ በዕድሜያቸው ጓዳ ገብተው አያውቁም። ግራ ገብቷቸው ተቀመጡ።

ዱቄቱን፣ ተልባውን፣ ሙዙን፣ ውኃውን እያሳየኋቸው ደባለቅሁ። መጥበሻው ላይ አንድ ጭልፋ አፈሰስሁ። ልገለብጠው ስል አራት ቦታ ተቆራረጠ። ፍርፋሪውን ሳህን ላይ አደረግሁላቸው። ከዚያ ከቅርጫቱ እንቁላል አንሥቼ ዓይናቸው እያየ በቀረው ሊጥ ላይ ሰበርሁና መታሁት። ሁለተኛው መጥበሻው ላይ ነፋ ብሎ ወጣ፤ ስገለብጠው ሙሉውን ተገለበጠ። ዘጠኝ ጠዋት የበሉት እሱው ነበር። አጠገባቸው አስቀመጥሁት።

በዚህ መሐል ባለቤቴ ከገበያ ገባች። ዛጎሉን አየች፣ መጥበሻውን አየች፣ እኔን አየች።

«በፍልሰታ? በጾም መጥበሻዬ?» አለች። «አንተ ሰውዬ፣ ሁላችንንም ነው ያስገደፍኸን! ሽለምጥማጡ አንተ ነህ?»

አባቴ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኟት። ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«ልታድነኝ ነበር» አሉኝ።

«አዎ አባዬ።»

«አውቃለሁ። ቄሱ እንኳ ጠየቁኝ። አንተ አልጠየቅኸኝም።»

ተነሡ። ልደግፋቸው ስል ክንዳቸውን ሰበሰቡ፤ ግድግዳውን ይዘው ወጡ።

በበዓሉ ጠዋት ነጭ ለብሰው ወጡ፤ ግን ሲቀደስ ከውጭ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዋርካ ሥር ቆመው ቀሩ። ሕፃናቱ ሁሉ ተቀብለው አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሲወጡ አንድ በአንድ ያዩዋቸው ነበር። ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባታችን ዘንድ አብረን ቀረብን። ሁሉንም ተናገርሁ፤ ስናገር አንድም ቃል አላጋነንሁም። እሳቸውም ለአባቴ «ይሄ የእርስዎ አይደለም። ያላወቁት አይቆጠርብዎትም» አሏቸው።

«ሆዴ ውስጥ ገብቷል አባ» አሉ አባቴ። «ዘጠኙን ቀን ልተካው።»

ቄሱ ተከራከሯቸው፤ አልሆነም። ፈቀዱላቸውና ወደ እኔ ዞረው «አንተም አብረኻቸው ትጾማለህ፤ ስግደትም አለብህ» አሉኝ። የስግደቱን ብዛት አልናገርም፤ ብናገር አጋነነ ትሉኛላችሁ።

አገሩ ሁሉ ሲፈታ እኛ ቤት ሁለት ሰው ጾም ያዘ። ባለቤቴ መጥበሻውን በአመድ ፈትጋ ደጋግማ አጠበችና ሰጠችኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። እኔን የጨነቀኝ መጥበሻው አልነበረም። ዘጠኝ ቀን ያለ ምግብ አባቴን የት ያደርሳቸዋል?

በመጀመሪያው ጠዋት ጓዳ ስገባ በርጩማው ላይ ተቀምጠዋል። ጋቢያቸውን ተከናንበው እጄን ብቻ ያያሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲሠራ ያላዩትን ነገር አልቀመሱም። ዱቄቱን ሳነሣ ወደ እሳቸው አዘነብለዋለሁ፤ ያዩና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ውኃውን፣ ዘይቱንም እንደዚሁ። ሰላምታ እንኳ አንለዋወጥም ነበር። ፓንኬኩ እንደ ልማዱ ተበታተነ፤ ሁለት ፍርፋሪ ቀምሰው ተነሡ።

በሦስተኛው ጠዋት፣ ገና ሊጡን እንደ በጠበጥሁ፣ «ታጣድፈዋለህ» አሉኝ።

ዞር አልሁ።

«እሷ ድንች ቀቅላ ትለውስበት ነበር። የገብስ ቂጣዋ ላይ። ጥርሴ ካለቀ ወዲህ፣ በጾም እንዳይደርቅብኝ ብላ። ተልባውን በለብታ ውኃ ትዘፈዝፈውና እስኪያጣብቅ ትተወዋለች። ከዚያ ነው ዱቄቱን የምትጨምርበት።»

ስለ እናቴ ከቀብሯ ወዲህ የተናገሩት የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነበር። ጓዳ አይገቡም ያልኋቸው ሰው ይህን ሁሉ ከየት እንዳዩት አልጠየቅሁም። ድንቹን ቀቀልሁ። ተልባውን ዘፈዘፍሁ። ቢሮም አረፈድሁ። ያን ዕለት የተጋገረው ወፍራምና ከበድ ያለ ነበር፤ ነገር ግን አልተሰበረም። አንዱን ጨረሱ። በማግስቱ አንድ ተኩል። እኔ ሁለት በላሁ፤ በእውነት ሁለት ብቻ።

ዘጠኙ ቀን አለቀ። በሚቀጥለው እሁድ ባለቤቴ ደግፋ ወደ ውስጥ አስገባቻቸው። እኔ ስግደቴን ስላልጨረስሁ ከዋርካው ሥር ቀረሁ። ዝናብ ነበር። ሲወጡ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነዋል፤ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ወደ ቤት ስንወርድ ክንዴን ያዙ።

ቤት ገብተው ጸበላቸውን ቀመሱና ሳሎን ተቀመጡ። እኔ ጓዳ ገባሁ። ከእንግዲህ ጾም የለብንምና ወተቱን አወጣሁ፤ እንቁላሉንም። ላሳያቸው ወደ በርጩማው ዞር ስል ማንም የለበትም። ተከትለውኝ አልመጡም ነበር። ከሳሎን ከልጄ ጋር ሲያወሩ ይሰማኛል፤ የሆነ ነገር እየጠየቀቻቸው «ኧረ ተይኝ እቴ» ይሏታል።

ትንሽ ጠበቅሁ። ከዚያ ሁለቱን እንቁላሎች ሰበርሁ፣ መታሁ፣ ጋገርሁ። ሳህኑን ሳቀርብላቸው በስመ አብ ብለው ባረኩና ትልቁን ቁራጭ ቆርሰው ጎረሱ።