በፈላ ውሃ የተነከረው ማንጎ

በዚያ ቀን በሶዶ ትምህርት ቤት ጓሮ የነበርነው አራት ሴቶች ነን፤ የባልትና አስተማሪዋ፣ ልጄ፣ ጎረቤቴና እኔ።

አስተማሪዋ ገና ወጣት ነበረች። ልጄ ከትምህርት ስትወጣ ከእሷ ቤት አትጠፋም፤ ወደ እኔ ስትመለስም ወሬዋ ሁሉ «እትዬ እንዲህ አሉ» ነው። አስተማሪዋ ወደ ሻሸመኔ መዛወሯን፣ ልጄንም ይዛ መሄድ መፈለጓን የነገረችኝ ጎረቤቴ ናት። ስለዚህ አስተማሪዋ ማንጎ ማድረቅ ታሳያለች ሲባል የሄድኩት ልማር ሳይሆን ልጄን ልጠብቅ ነበር።

አስተማሪዋ ከቆርቆሮ ያሠራችው ሣጥን ነበራት። ከሥሩ ፍም ይደረጋል፤ ትኩሱ አየር በወንፊቶቹ እያለፈ ፍሬውን ያደርቃል። ከዚያ በፊት ግን የተቆራረጠውን ማንጎ ለአፍታ የፈላ ውሃ ውስጥ ነክራ አወጣችው።

«የሚደርቅ ነገር ውሃ ይነከራል እንዴ?» አልኩ።

«ሲነከር ይላላል እማዬ፤ የውስጡ ውሃ ቶሎ ይወጣል» አለች ልጄ፣ አስተማሪዋን ቀድማ።

አስተማሪዋ በኩራት አየቻት። በልጄ መኩራት የእኔ ድርሻ ነበር።

«ውሃ ማውጣትማ እኛም እናውቅበታለን» ብዬ የደረሰኝን ማንጎ በእንሰት ቅጠል ጠቀለልኩት፤ ቆጮ እንደምንጨምቀው ድንጋይ ጫንኩበት። ከሰዓት በኋላ ስፈታው ገንፎ ሆኗል።

«ጥርስ ላላበቀለ ልጅ ይሆናል» አለች ጎረቤቴ።

ሳቁ። ልጄም በአስተማሪዋ ትከሻ ላይ ተደግፋ ሳቀች። ሣጥኑ ሲከፈት የእነሱ ማንጎ እንደ ቆዳ ደርቋል። ልጄ የመጀመሪያውን ቁራጭ ለአስተማሪዋ ሰጠች፤ ለእኔ ሁለተኛውን።

«እትዬ፣ ልጅዎን ይስጡኝ» አለች አስተማሪዋ። «እንደ ታናሽ እህቴ አድርጌ አስተምራታለሁ።»

«ታላቅ እህት አልጎደላትም» አልኳት። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ዘመድ የለንም፣ ብትታመም ማን ያስታምማታል፣ እያልኩ ደረደርኩ።

ልጄ አንገቷን ደፍታ ሰማችኝና፣ «እዚህ ብቀር ትድሪኛለሽ እንጂ አታስተምሪኝም» አለች።

አባቷ ሽማግሌ ተቀብሎ ነበር። ከዚያ ወዲያ አልከለከልኳትም፤ ከአስተማሪዋ ጋር ሄደች።

መጀመሪያ ለበዓል ትመጣ ነበር። ኋላ አስተማሪዋ እንደገና ተዛወረች፤ አብረው ሄዱ፤ የት እንደሆነ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ልጄን ያየ ወይም ስለ እሷ የሰማ ሰው ካለ፣ ደህና መሆኗን ይላክልኝ።