ባለ ጋሪውን የነፈግኋቸው አንድ ቃል

ይህን ነገር ባለቤቴ አያውቀውም። የንስሐ አባቴም አያውቁትም። በየዓመቱ ሑዳዴ ሲገባ ሄጄ እናዘዛለሁ፤ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ጾም መግደፌን ሁሉ ዘርዝሬ፣ ይህቺን ብቻ ዘልያት እመለሳለሁ። ስድስት ዓመት ዘለልኳት። አሁን ለእናንተ የምናገረው ፊቴን ስለማታዩት ነው መሰለኝ።

ጽጌ እባላለሁ። ናዝሬት ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ። ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን ራሴ ነኝ የማመጣው፤ ሐሙስ ሐሙስ በሞጆ ዞሬ፣ ቆቃን አልፌ፣ ዓለም ጤና ድረስ እነዳለሁ። መኪናዬ አሮጌ ዲኤክስ ናት፤ ከእኔ በላይ የኖረች ትመስላለች፤ ክላክሷ ግን እስከ ዛሬ አልደከመም።

ዐመሌንም ልንገራችሁ። ጎረቤቶቼ ትዕግሥተኛ ይሉኛል። ደንበኛ ወጡን ጨው በዛበት ብሎ ቢመልስብኝ ስቄ እቀይርለታለሁ። መሪ ስጨብጥ ግን ሌላ ሰው ነኝ። ባጃጅ ድንገት ፊቴ ጥልቅ ሲል፣ ሚኒባስ መሀል መንገድ ቆሞ ሰው ሲጠራ፣ ከባድ መኪና ጥግ ሲያስይዘኝ፣ እጄ ክላክስ ላይ ነው፤ አፌም አያርፍም። ባለቤቴ አብሮኝ ሲሆን፣ "አንቺ ሴት፣ በዚህ ንዴትሽ አንድ ቀን ሰው ትጎጃለሽ" ይለኝ ነበር። እኔም፣ "መጀመሪያ መንጃ ፈቃድ አውጣና ከዚያ ትመክረኛለህ" እያልኩ አፉን አስይዘው ነበር። እየሳቅን። ያኔ ያስቀን ነበር።

የዚያን ዕለት ገና ሞጆ መግቢያ ላይ አንድ ባጃጅ ስፖኪዮዬን ገጭቶ ሾለከ። ልከተለው ስል ትራፊክ ፖሊስ አስቆመኝ። የገጨኝን ይዞልኝ ይሆናል ስል ለካ ቀበቶ አላሰርሽም ብሎ እኔኑ ሊቀጣኝ ነው። ወይ ጉድ! የመታኝ ሄዶ የተመታሁት እኔ ተቀጣሁ። ከዚያ ቆቃ አካባቢ ከከባድ መኪኖች ሰልፍ ኋላ ተቀርቅሬ ፀሐይ ስትጠብሰኝ ቆየች። ዓለም ጤና የደረስኩት ያገኘሁትን ሁሉ እየተሳደብኩ ነው።

ይህን የምዘረዝረው ለማመካኛ ነው እንዴ? ሳይሆን አይቀርም። ሰው ጥፋቱን ሊናገር ተነስቶ እንኳ መጀመሪያ የሌላውን ጥፋት ነው የሚቆጥረው። ባጃጁም ፖሊሱም እዚያ አልነበሩም። እኔ ነበርኩ።

ወደ ገበያው የሚያስገባው መንገድ ጠባብ ነው። ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ስደርስ ከፊቴ አንድ ጋሪ ይሄዳል። አምስት ማዳበሪያ ሽንኩርት ተጭኖበታል፣ ከላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። በግራ ቦይ ነው፣ በቀኝ የተቆለለ አሸዋ አለ። አጭር ክላክስ አደረግሁ። ፈረሱ ጆሮውን አዙሮ ወደ ቀኝ ጠጋ ሊል ሲሞክር ሽማግሌው ልጓሙን ሳብ አድርገው መለሱት። አሸዋው ላይ ወጥቶ ጋሪው እንዳይገለበጥ ብለው ነበር። ያኔ ግን ሆን ብለው የሚያበሽቁኝ መሰለኝ። ደገምኩ። ዞረውም አላዩኝም። ተናቅሁ አልኩ። እኔን! አልኩ።

መኪናዬን ከጋሪው ኋላ አስጠግቼ ክላክሱን ተጫንኩት። አልለቀቅሁትም። እጄ አልተንሸራተተም፣ አልሳትኩም፤ አውቄ ነው የተጫንኩት፤ እያወቅሁ ነው የያዝኩት። ፈረሱ በኋላ እግሩ ቆመ። ጋሪው ወደ ኋላ ተንሸራቶ የፊት መብራቴን ሰበረውና ፈረሱ ፈረጠጠ። ሃያ እርምጃ ያህል እንደሄደ አንዱ ጎማ ቦዩ ውስጥ ገባ። ሽማግሌው ከነሽንኩርቱ ወደቁ።

ሰው ተሰበሰበ። ምን ሆኖ ነው? ምን ሆኖ ነው? ማንም ምንም ሳይለኝ እኔ ቀደምኩ። "ፈረሱ ደንብሮ ነው! እኔ ቆሜያለሁ፣ መጥቶ መብራቴን ሰበረው!" እያልኩ ጮህኩ። ወፍጮው ይጮኻል፤ በዚያ መንገድ ደግሞ ክላክስ የማያደርግ መኪና የለም፤ ማን ልብ ይለዋል? እንዲያውም አንዲት ሻጭ፣ "እውነቷን ነው፣ ዝም ብሎ ነው የተነሳው" ብላ መሰከረችልኝ። ያላየችውን። እኔም አላረምኳትም።

ሽማግሌው ኦቦ ገመዳ ይባላሉ። ቀኝ ክንዳቸው ተሰብሯል። ሰዎች ሲያነሷቸው አንድ ጊዜ እንኳ ክንዳቸውን አላዩም፤ ፈረሱን ነበር የሚያዩት። በጆሯቸው ሲጮኹባቸው ነው የመስማት ችግር እንዳለባቸው የገባኝ። ክላክሱን አልሰሙትም። የመጀመሪያውንም፣ ሁለተኛውንም፣ ያንን ረጅሙንም።

በእኔው መኪና ነው ጤና ጣቢያ ያደረስኳቸው። መንገዱን ሁሉ ከኋላ ወንበር "ዋቃዮ ሲ ሃ ኤቢሱ" እያሉ መረቁኝ፤ እግዚአብሔር ይባርክሽ ማለታቸው ነው። ያኔ መናገር አልችልም ነበር? መኪና ውስጥ እሳቸውና የሚደግፏቸው አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። ደጋግሜ ያሰብኩት ከኋላ ያለ መኪና ጥፋተኛ እንደሚሆን ነው። መንጃ ፈቃዴን አሰብኩ። ባለቤቴን አሰብኩ፤ "አላልኩሽም?" ሲለኝ ታየኝ። የሰውየው የተሰበረ ክንድ ከኋላዬ እያለ የፈራሁት "አላልኩሽም?" የምትለዋን ነገር ነው።

የዓለም ጤና ትራፊክ ፖሊስ ሲመጣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች በእርቅ እንጨርሰዋለን አሉት፤ እሱም ተስማማ። በሚቀጥለው ሐሙስ ግራር ሥር ተቀመጥን። ለሽምግልና ሰው ይዞ መቅረብ ወግ ነውና ባለቤቴ አብሮኝ መጣ። በእሳቸው በኩል ባለ ጋሪዎች መጥተዋል። ነገሩ የመብራትና የክንድ መስሎኝ ነበር። የባለ ጋሪዎቹ አለቃ ሲናገር ነው ሌላ መሆኑን ያወቅሁት። በእነሱ ደንብ ፈረስ አንድ ነገር አስደንግጦት ቢፈረጥጥ ጥፋት የለበትም። ያለ ምክንያት የፈረጠጠ ግን ሁለተኛ ጭነት የመጫን ተራ አይሰጠውም፤ ነገ ልጅ ይገድላልና።

ከዚያ ኦቦ ገመዳ ወደ እኔ ዞሩ። ክንዳቸው አንገታቸው ላይ ታስሯል።

"ልጄ፣" አሉኝ፣ "እኔ ጆሮዬ አይሰማም። ዘጠኝ ዓመት የሰማልኝ ዳማ ነው። ክላክስ አድርገሽ ከሆነ አድርጌያለሁ በዪኝ። ለክንዴ ምንም አልጠይቅሽም። የዳማን ነገር ማወቅ ፈልጌ ነው።"

ዳማ ፈረሱ ነው። በመልኩ ነው ያወጡለት።

አንድ ቃል ነበር የፈለጉት። አዎ ብል ምን እሆን ነበር? ሰውየው ካሳ አልፈልግም ብለዋል። ሽማግሌዎቹ ቆጣ ብለው ይመክሩኝ ነበር፣ ባለቤቴ እስከ ናዝሬት ሲነዘንዘኝ ይሄድ ነበር፣ በቃ። ፈረሱም ወደ ሥራው ይመለስ ነበር። ያን ሁሉ አውቃለሁ። ያኔም አውቀው ነበር። ግን ያንን ነገር ባለፈው ሳምንት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጮኼ ክጄዋለሁ፤ አሁን እንዴት ብዬ ልመለስ? አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። የእኔ ግን አምልጦኝ አይደለም። ሳምንት ሙሉ አስቤበት ነው።

"አላደረግሁም" አልኩ።

አንደኛው ሽማግሌ "በእግዚአብሔር ስም?" አሉኝ። በእግዚአብሔር ስም አልኩ።

የባለ ጋሪዎቹ አለቃ መልሴን በጆሯቸው ጮኾ ነገራቸው። ኦቦ ገመዳ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ በአንድ እጃቸው ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሱ። አባቴ የሚሆኑ ሰው እኔ ፊት ጎንበስ አሉ። "እንግዲያው ጥፋቱ የእኔ ነው። ፈረሴ አስደንግጦሻል፣ ንብረትሽንም ሰብሯል። ይቅር በይኝ" አሉኝ።

እኔም ይቅር አልኳቸው።

ሰማችሁኝ? ይቅር አልኳቸው። ለመብራቱም ምንም አልጠይቅም ብዬ ጨመርኩበት፤ ቸርነት መሆኑ ነው። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ፣ የጨዋ ልጅ አሉኝ። ስንመለስ ቆቃ ላይ ባለቤቴ "ዛሬ ኮራሁብሽ" አለኝ። ያን ቃል በትዳራችን ደግሞት አያውቅም። እኔም እንዲደግመው አልፈልግም።

ዳማ ተራውን ተነጠቀ። ኦቦ ገመዳ ሊሸጡት ገበያ አወጡት። ይህን የነገረችኝ ሽንኩርት የምገዛባት ሴት ናት። ገዢ ይመጣል፣ ጥርሱን አይቶ፣ እግሩን ዳብሶ ይወደዋል። እሳቸው ገና ዋጋ ሳይጠሩ፣ "ያለ ምክንያት ይደነብራል፤ ሰው እንዳትጭንበት" ይሉታል። ገዢው ይሄዳል። ሁለተኛው ይመጣል፣ እሱም ይሄዳል። "ሞኝ ናቸው እኮ! ዝም ቢሉ በአንድ ቀን ይሸጥ ነበር" ብላ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። እንዴት እንደሳቅሁ አላውቅም፤ ግን ስቄያለሁ።

በጋው ሲበረታ ሣሩ ደረቀ። የማይሠራ ፈረስ ከሚሠራው እኩል ይበላል። ኦቦ ገመዳም እንደ ሌሎቹ ባለ ጋሪዎች አውጥተው ለቀቁት። በእኛ መንገድ የሄደ ሰው እነዚህን ፈረሶች ያውቃቸዋል፤ ጎድናቸው ተቆጥሮ፣ ጀርባቸው ቆስሎ፣ አስፋልት መሀል ይቆማሉ። ድሮ እኔም በእነሱ የማልቆጣ እንዳይመስላችሁ፤ መንገድ ዘጉ ብዬ እሳደብ ነበር።

አንድ ሐሙስ ከቆቃ ወዲህ ዳማን አገኘሁት። ግንባሩ ላይ ባለችው ነጭ ምልክትና በግራ ጆሮው መሰንጠቅ ለየሁት። የአስፋልቱ አካፋይ መስመር ላይ ቆሟል። ከባድ መኪኖች በግራና በቀኝ ጥሩንባቸውን እያንባረቁበት ያልፋሉ። ንቅንቅ አላለም። ጆሮውን እንኳ አላዞረም። መኪናዬን አቆምኩ። ከኋላዬ ያሉት ሾፌሮች ተንጫጩብኝ፣ አንዱ መስኮቱን ከፍቶ ሰደበኝ። ልወርድ በሩን ከፈትኩ። ወርጄስ ምን ላደርግ ነበር? በሩን መልሼ ዘጋሁና በጎኑ አልፌ ሄድኩ። በሳምንቱ ሳልፍ መንገድ ዳር ወድቆ ነበር። ፊቴን ወደ ሌላ አዞርኩ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ አበው። የእኔ እውነት ስድስት ዓመት አደረ፤ የጠራለት ሰው የለም። የማጠራው እኔ ብቻ ነኝ፣ እኔ ደግሞ ዝም ብያለሁ። ስለዚህ ይቅር በሉኝ ብዬ አልለምናችሁም። እናንተ ምን አደረግኋችሁና? ለእናንተ መናገሬንም ድፍረት ብላችሁ እንዳትቆጥሩልኝ፤ መናገር ያለብኝ ለአንድ ሰው ነው፤ እሳቸውም በሕይወት አሉ።

ኦቦ ገመዳ አሁን ገበያው ውስጥ የሰው ሽንኩርት ይጠብቃሉ። ክንዳቸው ተጣሞ ነው የዳነው። ባዩኝ ቁጥር ይነሱልኛል፤ እባክዎ ይቀመጡ ብላቸው እሺ አይሉም። ልጆቼን አንድ በአንድ ይጠይቁኛል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ይቅር ብለሽኛልና ስጸልይ ስምሽን እጠራለሁ ይሉኛል።

ባለፈው ሐሙስ ማዳበሪያዎቹን ሲያስጭኑልኝ ቆዩና አጠገቤ ተቀመጡ። ሲያስቡበት የቆዩት ነገር ይመስላል።

"ልጄ፣ ዳማን ከውርንጭላነቱ ያሳደግሁት እኔ ነኝ" አሉኝ። "ያለ ምክንያት የሚደነብር ፈረስ አልነበረም። ሳላውቅ ምን በድዬው ይሆን? አንቺ እዚያው ነበርሽ፤ ያየሽው ነገር የለም?"

ጆሯቸው እንዲሰማኝ ጠጋ አልኩ። አፌን ከፈትኩ።

"እንጃ፣ አባባ" አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም መኪናዬን አስነስቼ ወደ ናዝሬት ተመለስኩ።