ከሲሬ የተነዱ ላሞች

ባለፈው እሁድ ልጄና ሚስቱ ቤቴ መጥተው አብረን ምሳ በላን። ሁለቱም ጥሩ ደመወዝ አላቸው፤ መኪና ሊገዙ አስበዋል። ልጄ ጎመኑን እየጠቀለለ፣ «እንዲያው በከንቱ የሚወጣውን ብናቆም ቶሎ ይሞላልናል» አለ። በከንቱ የሚወጣው ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። ለሚስቱ እህት ልጆች የሚከፍሉት የትምህርት ቤት ክፍያ ነበር። ምራቴ አንገቷን ደፋች። ያ አደፋፍ የእናቴ ነበር። ያነሳሁትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩት።

በንጉሡ ዘመን አባቴ በነቀምቴ ስም ያለው ቡና ነጋዴ ነበር። የቡና ወቅት ሲደርስ ጨለለቂ ሰፈር ያለው ግቢያችን በጆንያ ይሞላል፤ ከነገለባው የደረቀው የጀንፈል ቡና ሽታ እስከ መኝታችን ይዘልቃል። አባቴ ባገኘ ቁጥር ኑሮውን ከፍ ማድረግ ይወድ ነበር። ሬዲዮ ገዛ፤ ከአዲስ አበባ ሶፋ አስመጣ፤ እሁድ እሁድ በግ ሳይታረድለት የሚመለስ እንግዳ አልነበረም። እናቴ ግን በየዓመቱ ከቡናው የሚደርሳትን ይዛ ላም ትገዛና በሲሬ ገጠር ላሉት ዘመዶቿ በዳባሬ ትሰጥ ነበር። ደንቡ ቀላል ነው፤ ላሟና ጥጃዋ የባለቤቷ ናቸው፣ ወተቱ የጠባቂው ነው። «ብር ሳጥን ውስጥ ይሻግታል፤ ላም ግን ዘመድ ቤት ትወልዳለች» ትል ነበር።

እኔ በሕመም ከትምህርት ቤት ቀርቼ ንባብን ለብቻዬ የተማርኩ ዝምተኛ ወጣት ነበርኩ። ላሞቹን ሁሉ በቀንዳቸው አውቃቸዋለሁ። የግራ ቀንዷ ወደ ዓይኗ የታጠፈው ዥጉርጉሯ ቡሬ በእናቴ ታናሽ ወንድም በኩምሳ ቤት ነበረች።

አንድ ዓመት አባቴ የቤት መኪና ሊገዛ ቆረጠ። የቡናው ገንዘብ አልበቃ ሲለው፣ ላሞቹ በሙሉ ተሰብስበው ይሸጡ አለ።

«የኩምሳን ተውልኝ» አለች እናቴ። «ልጆቹ ያለሷ ምን ይጠጣሉ?»

«አንዱን ከተውኩ ሌላው ምን ይለኛል? ደግሞስ የራሳችን ላም አይደለችም እንዴ?»

እናቴ አንገቷን ደፋች።

ጥቅምት ነበር፤ ዝናቡ ቆሞ መንገዱ ጠጥሯል፤ የኑጉ አበባ ማሳውን ቢጫ አድርጎታል። ከአባቴ ጋር ሲሬ ወርደን ወደ አጎቴ ቤት ገባን። «አካም ጅርታ፣ ሶዳ!» ብሎ ተቀበለው አጎቴ፤ ሶዳ አማች ማለት ነው። የመጣንበትን ሲሰማ ፊቱ ጥቂት ዳመነ፤ ከዚያ ሳቀ።

«እንግዲህ መኪናህን ጠዋት ጠዋት እያለብክ ትልክልናለህ!»

«ላም ደግሞ አዲስ አበባ አታደርስም» አለ አባቴ፤ እሱም ሳቀ።

አጎቴ ቡሬን ፈትቶ፣ እርጥብ ሣር ነጭቶ ከገመዱ ጋር በአባቴ እጅ አስያዘ፤ ምርቃቱ ነው። ትንሿ ልጁ የወተቱን ቅል ታቅፋ እስከ ወንዙ ተከተለችን። ማንም ተመለሺ አላላትም።

ላሞቹ ተሸጠው መኪናው መጣ፤ ግራጫ ነበር። እናቴ ከዚያ ወዲህ ሲሬ አልሄደችም።

«መኪና ደጅሽ ቆሞ ወንድምሽን አትጠይቂም?» አላት አባቴ አንድ ቀን።

«ቡሬ ላይ ተቀምጬ በየትኛው ፊቴ ልግባ?» አለችው።

በቀጣዩ ክረምት ጠና ያለ ሕመም ያዛት። ሐኪሙ ተስፋ እንደሌላት ሲነግረን፣ ወደ ወንድሟ ቤት እንድንወስዳት ብቻ ለመነች። አባቴ በመኪናው ጫናት። ከዋናው መንገድ ወጥተን ብዙም ሳንሄድ ጎማው ጭቃ ውስጥ ሰጠመ። ሮጬ አጎቴን ጠራሁት። ቃሬዛ ይዞ፣ ጎረቤቶቹን አስከትሎ መጣ። ሁሉንም አወቅኋቸው፤ ላሞቻችንን ጠብቀው የነበሩት ዘመዶቿ ናቸው። አንዳቸውም ስለ ላም አላነሱም። ተሸከሟት፤ አባቴ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ጭቃው ውስጥ ከኋላ ተከተለ።

እናቴ ቃሬዛው ላይ ሆና ዓይኗን ገለጠች። «ኩምሳ፣ ልጆቹ ምን ይጠጣሉ?»

«ጎረቤት ይሰጠናል፣ እህቴ። አታስቢ።»

መስከረም ሳይጠባ እዚያው ወንድሟ ቤት አረፈች።

በበጋው አባቴ የምትታለብ ላም ገዝቶ፣ መኪናውን ደጅ ትቶ፣ በእግሩ እየነዳ ሲሬ ወረደ፤ አብሬው ነበርኩ። አጎቴ የላሟን ጀርባ ዳበሰ። ገመዱን ግን አልተቀበለም።

«እኔ ዳባሬ የያዝኩት ከእህቴ ነበር፣ ሶዳ» አለው በለሰለሰ ድምፅ። «አሁን ከማን ልያዝ?»

ላሟን ይዘን ተመለስን። ጨለለቂ ስንደርስ ጉራጌው ባለሱቅ፣ «ኦቦ፣ መኪናው ምን ሆኖ ነው በላም የሚመጡት?» ብሎ ቀለደ። ለቀልድ መልስ አጥቶ የማያውቀው አባቴ የላሟን ገመድ ሳብ አድርጎ አለፈ። እስኪሞት ድረስ ወተት በአፉ አልዞረም።

ይህን ሁሉ ለልጄ ነገርኩት። «ታዲያ አትግዙ ነው የምትለን፣ አባዬ?» አለኝ።

«ግዙ። ግን ይህች ልጅ በዚያ መኪና እህቷ ደጅ ሳታፍር መውረድ የምትችል ትሁን።»

ምራቴ ቀና አለች። እናቴን ግን ያኔ ቀና ያደረጋት ሰው አልነበረም።