ኬክ ኬክ የሚል ሽቶ

ሽቶ ሻጯ መጀመሪያና መጨረሻው የጠፋባትን የፍቅር ዘፈን እያንጎራጎረች ቤቷ ገባች። ቀኑን ሙሉ ሽቶውን በገዛ ክንዷ ላይ እየረጨች ለገዢ ስታስሸት ነው የዋለችው፤ አለቃዋ «ሽቶ በወረቀት ሳይሆን በገላ ነው የሚሸጠው» ይላታል። ጠዋት ላይ ያ ጣፋጭ ሽታ፣ ታጥቦ ፓውደር የተነሰነሰለት ሕፃን የታቀፈች ያህል ደስ ይላታል። ሲመሽ ግን የሽታው ስኳር ጉሮሮዋ ላይ ይጣበቃል፤ ፓውደሩም ትከሻዋ ላይ ይከብዳል።

ከሕመም ገና በማገገም ላይ ያሉት እናቷ አልጋቸው ላይ ደገፍ ብለዋል። የምሳው ሾርባ አልተነካም። አሙቃ አምጥታ ማንኪያውን ስታስጠጋላቸው ፊታቸውን አዞሩ።

«እማዬ፣ በሞቴ፣ አንዴ ብቻ!»

«ኧረ ተይኝ ልጄ፣ አንቺን ሳሸት ጠገብኩ። ኬክ ቤት ነው እንዴ የዋልሽው?»

ሳቋ መጣ፤ እንባዋም አብሮ። ክንዷን በሳሙና ፈትጋ፣ ልብሷን ቀይራ ተመለሰች። ሽታው ግን ንቅንቅ አላለም።

«ለመሆኑ አንቺስ እህል ቀምሰሻል?» አሏት እናቷ።

ማንኪያውን እንደገና አስጠጋችላቸው።

«እንግዲያው የራስሽን ይዘሽ እዚያ መስኮቱ ሥር ቁጭ በይ። አንቺ ጦምሽን እያየሽኝ እኔ አይወርድልኝም።»

የራሷን ሾርባ ቀድታ መጣችና መስኮቱን ከፈተችው። እናቷ ማንኪያውን በገዛ እጃቸው ሲያነሱ ባየች ጊዜ፣ ጫማዋን አውልቃ ቁጭ አለችና መብላት ጀመረች።