የጓድ አለሙ ባለ ሃያ መነጽር

ትናንት አንድ ልጅ እዚሁ ገጽ ላይ «ወፍና ኮከብ ማየት ልጀምር ነው፣ ምን ዓይነት የጦር ሜዳ መነጽር ልግዛ?» ብሎ ጠየቀ። ከሥሩ ሰው ሁሉ ተሰልፎ «ትልቁን! በጣም የሚያቀርበውን!» ይለዋል... አንብቤ ብቻዬን ሳቅሁ። ጓድ አለሙ ትዝ አለኝ።

ጊዜው የደርግ ነው፣ ቦታው ዳንግላ። የሳይንስ አስተማሪ ነበርኩ። ጎረቤቴ ባሻ ፈንታ፣ ጡረታ የወጡ ወታደር፣ ሁለት መነጽር አልጋ ላይ ዘርግተው «ምረጥ» አሉኝ። አንዷ ሰባት ጊዜ የምታቀርብ ትንሽ፣ ሌላው ሃያ ጊዜ የሚያቀርብ ጠብደል።

ጠብደሉን አንስቼ ከአጥሩ ማዶ ያለውን ብሳና ባየው ቅርንጫፉ ይዘላል... የልቤ ምት ሳይቀር እዚያ ላይ ይታያል። ትንሿን ሳነሳ ግን ቅርንጫፉ ላይ ያለችው ወፍ ከነዓይኗ ፊቴ ቁጭ አለች።

«ልጄ፣ ቁጥሩን አትመን፣ እጅህን ጠይቅ» አሉኝ ባሻ። «ሃያው ያለዚህ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ አይሆንም። ኮከብ ብታይበት እንኳ ስትጨፍር ነው የምታያት።»

ትንሿን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ልወጣ ስል የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ አለሙ ከነዘበኛው ገባ። ይህን ሰው «እርስዎ» ነበር የምለው... ለሱ ሳይሆን ወገቡ ላይ ላለው ሽጉጥ።

«አንተ መምህር፣ ምን ልታይበት ነው?»

«ወፍ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«የምትበላ ወፍ?»

«አይ... እንዲሁ ላያት።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና ትልቁን አነሣ። «ለአብዮት ጥበቃ የሚገባው ሃያው ነው!» አለ። ባሻ «መቆሚያውንም ይውሰዱ እንጂ» ቢሉት «የአብዮተኛ እጅ አይንቀጠቀጥም!» ብሎ ጥሎት ሄደ።

ማንን ሊያይበት እንደሆነ አውቃለሁ። እኛን ነው... ጴንጤዎቹን። የጸሎት ቤታችን ታሽጓል፣ ልብስ ሰፊው ወንድማችን ታስሯል። የቀረነው ስድስት ሰዎች እሑድ እሑድ በጤና ረዳቷ በጥሩነሽ ቤት ተደብቀን እንጸልያለን። የጥሩነሽን ቤት ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት የሚለየው አንድ አጥር ብቻ ነው። ያለችን አንዲት መጽሐፍ ቅዱስ የምትደበቀው በቁስል ማሸጊያ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። መጽሐፏ ከተገኘች ሁላችንም ልብስ ሰፊውን መከተላችን ነው።

ጓድ አለሙ ግን የሚያየው ሩቅ ሩቁን ነው። መነጽሩ አቧራ ቢይዝበት ለዘበኛው ሰጠው፤ ዘበኛው መስታወቱን በአመድና በጨርቅ እንደ ድስት ፈተገለት! አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት ይሄ ነው። ተጭሮ ተጭሮ ጉም የለበሰ መስታወት ይዞ «አሁን ጠራ!» እያለ ይጎርር ጀመር።

እሑድ ጠዋት እንደ ልማዳችን ተሰብስበናል። መዝሙሩን በከንፈር ብቻ እየዘመርን ሳለ ከአጥሩ ማዶ ጩኸት ተሰማ። ጓድ አለሙ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ መነጽሩን ደቅኗል።

«አገኘኋቸው! ጨፌው ላይ ናቸው! ነጭ ለብሰዋል... ሠላሳ ይሆናሉ... ይኸው እየሰገዱ ነው!»

እርስ በርስ ተያየን። ሠላሳ? እኛ ስድስት ነን፣ ያለነውም እዚህ።

ወዲያው በራችን ተደበደበ። ጥሩነሽ መጽሐፍ ቅዱሷን ቦርሳው ውስጥ ከትታ ከፈተች። ጓድ አለሙ ገብቶ ስድስታችንንም አንድ በአንድ አየን።

«ጎሽ፣ ሰው አለ!» አለ። «ጥሩነሽ፣ ቦርሳሽን ያዢ፣ የሚቆስል አይጠፋም። እናንተም ተነሡ፣ ሰፊው ሕዝብ ምስክር ይሁን!»

ቦርሳውን ራሱ ከእጇ ተቀብሎ ለዘበኛው አሸከመው። እንግዲህ ጴንጤ ለመያዝ ስድስት ጴንጤ አስከትሎ ወጣ። መጽሐፍ ቅዱሳችን በዘበኛው ትከሻ ላይ ሆና ትመራናለች። ጥሩነሽ ዓይኗን ከቦርሳው ሳትነቅል፣ እኔም ላብ እያጠመቀኝ ተከተልን።

ጨፌው ዳር ስንደርስ ሽጉጡን መዘዘና «እጅ ወደ ላይ!» ብሎ አንባረቀ።

ታዘዙ። ሠላሳውም ክንፋቸውን ዘርግተው ተነሡ።

«ምንድን ናቸው?» አለኝ፣ አፉን ከፍቶ።

በባዶ ዓይን ይታያሉ፤ ላበሽቀው ብዬ ግን ትንሿን መነጽር አነሣሁና ቀስ ብዬ አስተካከልኩ። «ሽመላ ናቸው፣ ጓድ ሊቀመንበር። የሚሰግዱ የመሰሉት እንቁራሪት ሲለቅሙ ነው።»

እዚያው ከብት የሚጠብቁ ሽማግሌ ደነገጡ። «ኧረ ጌታው፣ እነዚህ ክረምት ሲወጣ በየዓመቱ የሚመጡ እንግዶች ናቸው። ምን አጠፉ?» ብለው ለጓደኛቸው በአገውኛ አንድ ነገር ጣል አደረጉ። ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። ትርጉሙን ዛሬም አልጽፈውም።

ጓድ አለሙ ግን የሚያፍር ፍጥረት አይደለም። ሽጉጡን መለሰና ዘበኛውን «ጻፍ» አለው። «የፀረ አብዮት ስብሰባው ተበትኗል።»

ስድስታችንም ምስክር ሆነን ፈረምን።

ጥሩነሽ ቦርሳዋን ተቀበለች፣ ቤት ተመልሰን ካቆምንበት ቀጠልን። መጀመሪያ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ኋላ ልብስ ሰፊው ትዝ አለንና አለቀስን። እሱንም ያሳሰረው ይኸው የጓድ አለሙ ዓይን ነበር እኮ... እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

እና ልጄ፣ ትንሿን ግዛ፣ በአመድም አትፈትጋት። ሃያውን አጥሩ ሥር ያለውን ለማያይ ሰው ተውለት።